የሌላውን ርስት ሰጥቶ መታረቅ

ጉልበተኛን አባብሎ ጦርነትን ማስቀረት በሥነ ምግባር ሚዛን ላይ ሲወጣ ሁለት ጥያቄ ያስነሳል። አንደኛው፣ ጉልበተኛው የተሰጠውን ይዞ ይቆማል ወይ የሚለው ነው። ይህን ሁሉም ይጠይቀዋል፤ መልሱንም ጊዜ ራሱ ያወጣዋል። የሁለተኛው ጠያቂ ግን ጥቂት ነው፤ ለማባበያ የሚሰጠው ነገር የማን ነው? አስታራቂ ነኝ ባዩስ ሲሰጥ ከራሱ ምን ጎደለበት? በ1928 ዓ.ም. ፋሽስት ኢጣልያ ኢትዮጵያን በወረረች ጊዜ የአውሮፓ መንግሥታት የሄዱበት መንገድ ይህን ሁለተኛ ጥያቄ እርቃኑን ያወጣዋል። በዓለም ዘንድ የማባበል ዲፕሎማሲ ሲነሳ ቀድሞ የሚጠራው በመስከረም 1931 ዓ.ም. ቼኮስሎቫኪያ የተቆረሰችበት የሙኒክ ስብሰባ ነው። ይሁንና ወደ ሙኒክ ያደረሰው አካሄድ የተፍታታው ከሦስት ዓመት በፊት በኢትዮጵያ ላይ ነበር፤ ሒሳቡም የተከፈለው በመረብ፣ በተከዜና በሰሜን ተራሮች ግርጌ ነው።

የሰሜን ደጋ ሽምግልና ለዚህ ጥያቄ በአሠራሩ መልስ ሰጥቶበታል። ደም የፈሰሰ እንደሆነ ሽማግሌዎች መሃል ይገባሉ፤ ቄስም መስቀል ይዞ አብሮ ይቆማል። የገዳይ ወገን ድንጋይ ተሸክሞ፣ አንገቱን ደፍቶ ይመጣል፤ ጥፋቱንም ያምናል። የደም ካሳ ይቆረጣል፣ ዋስ ይጠራል፣ ከዚያም እርቅ ይወርዳል። ከዚህ ሁሉ በላይ አንድ የማይታለፍ ነገር አለ፤ ባለደሙ ካልተቀመጠና እሺ ካላለ እርቅ የሚባል ነገር የለም። ሽማግሌ ባለደሙን ይለምነዋል፣ በወዳጅ ያስለምነዋል፣ በእግዚአብሔር ስም ይይዘዋል፣ እግሩ ላይም ይወድቃል። በእሱ ፋንታ ይቅር የማለት ሥልጣን ግን የለውም። የአጥፊው እምነት፣ የካሳው ልክ፣ የዋሱ መኖርና የተበዳዩ ፈቃድ አንዱ ከሌላው ሳይለይ ሲገኝ ብቻ ደም ደረቀ ይባላል።

ይህ ሥርዓት እንከን የለሽ ነው ብሎ ማወደስ አይገባም። ሽማግሌ ሰው ነው፤ የሚፈራውን ይፈራል። ባለጉልበቱ አይደፈርምና ልመናው ሁሉ ወደ ተበደለው ይዞራል፤ አንተ ሆደ ሰፊ ነህ፣ አንተ ተው፣ ለልጆችህ ስትል እለፈው ይባላል። መንደሩ ጸጥ ይል ዘንድ የደካማው ድንበር በዝምታ ይገፋል፤ ገፊውም ታረቀ ተብሎ ይመረቃል። ስለዚህ የአውሮፓ መንግሥታት በኢትዮጵያ ላይ የሠሩት ሥራ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ አይደለም። የሽምግልናን ጉድለት ከመንደር ወደ ዓለም አደባባይ ያወጣ ሥራ ነበር፤ ልዩነቱ በዓለም አደባባይ ባለደሙ ጨርሶ አለመጠራቱ ነው።

በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ለዚህ ነገር ከናቡቴ ታሪክ የበለጠ የሚቀርብ የለም። ንጉሥ አክዓብ የናቡቴን የወይን ቦታ ሲመኝ መጀመሪያ የመጣው በሰላማዊ ሐሳብ ነበር፤ በምትኩ የተሻለ ቦታ እሰጥሃለሁ፣ ካልፈለግህም ዋጋውን በብር እከፍልሃለሁ አለ። ናቡቴ የአባቶቹን ርስት አሳልፎ እንደማይሰጥ ነገረው። ርስት ምን እንደሆነ ለሚያውቅ የጎንደር ገበሬ ይህ መልስ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ታሪኩ ሲሰበክ አክዓብና ኤልዛቤል ይኮነናሉ፤ በመካከል የገቡት የከተማይቱ ሽማግሌዎች ግን ብዙ ጊዜ ይታለፋሉ። ደብዳቤ ደረሳቸው፣ ጾም አወጁ፣ ጉባኤ ጠሩ፣ ምስክር አቆሙ፣ በሥርዓቱ ፈረዱ። ወይኑን ለራሳቸው አልፈለጉትም፤ ከንጉሡ ጋር መጣላት ስላልፈለጉ ብቻ የሰውየውን ርስትና ነፍስ አሳልፈው ሰጡ። የማባበል ዲፕሎማሲ ኃጢአት የሚፈለገው ከእነዚህ ሽማግሌዎች ዘንድ ነው።

በአንድ ጉንጩ የተመታ ሌላውን ይስጥ የሚለው የወንጌል ትእዛዝም ብዙ ጊዜ ለማባበል መከላከያ ይቀርባል። ትእዛዙ ግን ስለ ራስ ጉንጭ ነው። መከራን በራሱ ላይ ተቀብሎ በቀልን የሚተው ሰው ጽድቅ ይቆጠርለታል፤ የጎረቤቱን ጉንጭ ለመቺው የሚያቀርብ ሰው ምን እንደሚቆጠርለት ወንጌል አልተናገረም፤ መናገርም የሚያስፈልገው አይመስልም።

ኢትዮጵያ በሌለችበት ስለ ኢትዮጵያ መዋዋል በ1928 ዓ.ም. አልተጀመረም። በ1899 ዓ.ም. እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ኢጣልያ በሎንዶን ተስማምተው ሀገሪቱን በጥቅም ክልል አካፈሏት፤ ዐፄ ምኒልክ ውሉን ያዩት ካለቀ በኋላ ነበር። በ1918 ዓ.ም. ደግሞ እንግሊዝና ኢጣልያ በጣና ሐይቅ ግድብና በኢጣልያ የባቡር ሐዲድ ጉዳይ እርስ በርሳቸው ደብዳቤ ተለዋወጡ። በዚያን ጊዜ ግን ኢትዮጵያ ከመስከረም 1916 ዓ.ም. ጀምሮ የመንግሥታት ማኅበር አባል ሆና ነበርና ተቃውሞዋን ለማኅበሩ አቀረበች፤ ሁለቱም ለማስተባበል ተገደዱ። ይህ ድል አዲስ አበባ ላይ በማኅበሩ ሕግ መታመንን አሳደገ። በሐምሌ 1920 ዓ.ም. ከኢጣልያ ጋር የሃያ ዓመት የወዳጅነት ውል ተፈረመ፤ ክርክር ቢነሳ በገላጋይ ዳኛ እንዲታይም በውሉ ተጻፈ።

ክርክሩ ኅዳር 26 ቀን 1927 ዓ.ም. ወልወል ላይ ተነሳ። የወልወል የውኃ ጉድጓዶች ከኢጣልያ ሶማሊያ ድንበር ወደ ኢትዮጵያ ብዙ ገባ ብለው የሚገኙ ናቸው። ከጥቂት ቀን በፊት እዚያ የደረሰው የእንግሊዝና የኢትዮጵያ የድንበር ኮሚሲዮን የኢጣልያን ጦር ሰፍሮ አገኘው። የእንግሊዙ ወገን አለቃ ሌተና ኮሎኔል ክሊፎርድ ተቃውሞውን ጽፎ፣ ግጭት እንዳይነሳ ብሎ ሰዎቹን ወደ አዶ አሸሸ፤ የኢትዮጵያ አጃቢ ጦር ባለበት ቀረ። ከአንድ ዓመት በኋላ በጄኔቫና በፓሪስ የተደረገው ሁሉ በዚህች ትንሽ ማፈግፈግ ውስጥ በጥቃቅን ፊደል ተጽፎ ነበር ማለት ይቻላል። ግጭቱ ተነሳ፤ ከኢትዮጵያ ወገን ከመቶ በላይ ሰው ወደቀ። ከዚያም ይቅርታ እንዲጠየቅ፣ ለኢጣልያ ባንዲራ ሰላምታ እንዲሰጥና 200 ሺህ ጠገራ ብር ካሳ እንዲከፈል የጠየቀችው ኢጣልያ ሆነች።

ኢትዮጵያ በ1920ው ውል መሠረት ገላጋይ ዳኛ ጠየቀች። ሙሶሊኒ ግን በዚያው ወር ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 30 ቀን 1934፣ የኢትዮጵያ ጦር እንዲደመሰስና ሀገሪቱ ሙሉ በሙሉ እንድትያዝ ለሹማምንቱ በምስጢር ጽፎ ነበር። ከዚህ ቀን በኋላ የቀረበለት መደራደሪያ ሁሉ ልኩ አስቀድሞ ለተቆረጠ ምኞት የቀረበ ነው። ወሰን ያለውን ፍላጎት በመስጠት ማብረድ ይቻል ይሆናል፤ ሁሉን ለመውሰድ የወሰነ ሰው ግን በተሰጠው ቁራሽ ላይ ቆሞ የቀረውን ያያል።

የግልግሉ ዳኞች ዘጠኝ ወር ያህል ቆይተው፣ ወረራው ወር ብቻ ሲቀረው፣ ነሐሴ 28 ቀን 1927 ዓ.ም. ፍርዳቸውን ሰጡ፤ በወልወል ግጭት ሁለቱም ወገን ጥፋተኛ አይደለም ተባለ። ጉድጓዶቹ በማን ምድር ላይ እንዳሉ ዳኞቹ አላዩም፤ እንዲያዩትም አልተፈቀደላቸውም ነበር። በዚያው ክረምት እንግሊዝ ለሁለቱም ወገኖች የጦር መሣሪያ እንዳይሸጥ ከለከለች። መሣሪያውን በገዛ ፋብሪካዋ ለምትሠራው ኢጣልያ ክልከላው ምንም አልነበረም፤ ሁሉን ከውጭ ለምትገዛው ኢትዮጵያ ግን እጅ ማሰሪያ ሆነ። ለኃይለኛና ለደካማ እኩል ጀርባ መስጠት ገለልተኝነት ይባላል፤ በውጤቱ ግን ለአንዱ ወገን መቆም ነው።

የአውሮፓ መሪዎች ልብ ሌላ ቦታ ነበር። ሂትለር ጀርመንን ዳግም ማስታጠቅ ጀምሯል፤ ፈረንሳይ ደግሞ በደቡብ በኩል ያለው ድንበሯ እንዲያርፍላት ኢጣልያን ትፈልጋለች። የፈረንሳይ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የነበሩት ፒየር ላቫል እ.ኤ.አ. በጥር 1935 ሮም ሄደው ከሙሶሊኒ ጋር ሲዋዋሉ፣ በኢትዮጵያ ላይ ያለውን የኢኮኖሚ መስክ ለቀቁለት፤ ሙሶሊኒ ከዚያ በላይ እንደተፈቀደለት አድርጎ ወሰደው። በሚያዝያ ስትሬዛ ላይ ሦስቱ መንግሥታት ስለ ሰላም መግለጫ ሲያወጡ የሚጠበቀው ሰላም የአውሮፓ እንዲሆን ተደረገ። ስለ አፍሪካ የሚያውቁ ባለሙያዎች ስትሬዛ ድረስ ተወስደው ነበር፤ ጉዳዩ ግን ከመሪዎቹ ጠረጴዛ አልደረሰም።

በዚህ ሁሉ መካከል አንድ የተለየ ሐሳብ ቀርቧል። በሰኔ 1927 ዓ.ም. የእንግሊዙ ሚኒስትር አንተኒ ኢደን ሮም ሄደው፣ እንግሊዝ የዘይላን ወደብ ከራሷ ሶማሊላንድ ቆርሳ ለኢትዮጵያ እንደምትሰጥ፣ ኢትዮጵያም በምትኩ ከኦጋዴን ለኢጣልያ እንድትለቅ ሐሳብ አቀረቡ። ኢትዮጵያ አስቀድማ አልተጠየቀችም፤ እንከኑ ይህ ነው። ያም ሆኖ አባባዩ ከገዛ ኪሱ ሊከፍል የተነሳበት ጊዜ ይህ ብቻ ነውና ከቀሩት ሁሉ ይሻላል። ሙሶሊኒ አልቀበልም አለ። እንግሊዝ ውስጥ ምድራችን ለምን ይሰጣል የሚል ቅሬታ ተነሳ፤ ፈረንሳይም ለጅቡቲዋ ባቡር ተቆጣች። የራስ ነገር ሲነካ ሁሉም ወዲያው አመመው።

ኢትዮጵያ ራሷም ለሰላም ስትል ብዙ ለቅቃለች። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ሰበብ እንዳይሰጥ ብለው ጦሩን ከድንበር 30 ኪሎ ሜትር ወደ ኋላ አስመለሱ፤ የክተት ነጋሪትም እስከ መጨረሻው ቀን ሳይጎሰም ቆየ። በመስከረም የማኅበሩ አምስት አባላት ያሉበት ኮሚቴ የውጭ አማካሪዎች በአስተዳደሩ ውስጥ እንዲገቡ ሐሳብ ሲያቀርብ አዲስ አበባ ለንግግር መነሻ ይሁን ብላ ተቀበለች፤ ሮም ጣለችው። በነሐሴ መጨረሻ ደግሞ ሪኬት በተባለ እንግሊዛዊ በኩል ሰፊ የነዳጅ ፍለጋ መብት ለአሜሪካ ኩባንያ ተሰጥቶ ነበር፤ ኃያል መንግሥት ጥቅሙን ሲል ይቆምልናል ተብሎ የታሰበ ነው። ዋሽንግተን በጥቂት ቀን ውስጥ ኩባንያው እንዲተወው አደረገች። ባለርስቱ ከራሱ ቆርሶ መስጠቱ ከሌሎቹ ሥራ ጋር አንድ አይደለም፤ ጥበብ ነው ወይስ ስህተት ተብሎ ሊከራከሩበት ይቻላል፣ በደል ነው ግን አይባልም። በወታደር ሚዛን ጉዳቱ ከባድ ነበር፤ በሕግ ፊት ደግሞ ወራሪው ማን እንደሆነ አንዳች ጥርጥር እንዳይኖር አድርጓል።

መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር ጦርነት ሳያውጅ መረብን ተሻገረ። ጄኔቫ ያለው የመንግሥታት ማኅበር በአራት ቀን ውስጥ ኢጣልያን ሕግ አፍራሽ ብሎ ፈረደ፤ ሃምሳ ያህል መንግሥታትም ማዕቀብ ለመጣል ተስማሙ። በዝርዝሩ ውስጥ ጎማ አለ፣ ቆርቆሮ አለ፣ ፈረስ፣ በቅሎ፣ አህያና ግመል ሳይቀሩ ወደ ኢጣልያ እንዳይሸጡ ተከልክለዋል። ነዳጅ ግን የለበትም። የስዊዝ ቦይም ለኢጣልያ መርከቦች ክፍት እንደሆነ ቆየ። በቅሎ ከልክሎ ቤንዚን የሚፈቅድ ማዕቀብ በሊማሊሞ ገደል ጓዙን በበቅሎ ለሚያወርድ ሰው ቢነገረው ቀልድ ይመስለው ነበር። ሙሶሊኒ ኋላ ለሂትለር፣ ማዕቀቡ ነዳጅን ቢነካ ኖሮ በሳምንት ውስጥ ከኢትዮጵያ ለመውጣት እገደድ ነበር እንዳለው የሂትለር አስተርጓሚ የነበረው ፓውል ሽሚት ጽፏል።

በዚህ ጊዜ ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ የጎጃምን ጦር ይዘው ከደብረ ማርቆስ ወደ ሰሜን ይጓዙ ነበር። ከጎንደር የሚነሳው የጥንት የነጋዴ መንገድ በዳባት አልፎ ደባርቅ ይደርሳል። ከደባርቅ ትንሽ ወጣ ሲሉ ደጋው በወልቀፊት አፋፍ ላይ ቁርጥ ይላል፤ ቁልቁለቱ ሊማሊሞ ነው፤ ከሥሩ ዛሪማና አዲ አርቃይ፣ ከዚያም የተከዜ ቆላ ይቀጥላል። ተከዜን የተሻገረ ሽሬ ይገባል። በኅዳር መጨረሻ ገደማ ጦሩ ዳባት ላይ ሳለ አውሮፕላን ቦምብ ጣለበት። ከሰማይ የሚወርድ ጦርነት አይቶ የማያውቀው ሠራዊት ደነገጠ፤ ብዙው የጎጃም ሰውም ከዚያ ወዲህ ወደ አገሩ ተመለሰ። የሰሜኑ ገዥ ደጃዝማች አያሌው ብሩ በራስ እምሩ ሥር ተሰልፈው ነበር። የራስነት ማዕረግ ሲጠብቁ በመቅረታቸው ቅር የተሰኙ መስፍን እንደነበሩ፣ ኢጣልያኖችም ይህን አውቀው በጎንደር ቆንስላቸው በኩል ሊያባብሏቸው መልእክት ይልኩ እንደነበር የታሪክ ጸሐፊዎች ይገልጻሉ። ማባበል ከታላላቅ መንግሥታት ወደ ወራሪው ብቻ አልነበረም የሚሄደው፤ ከወራሪውም ወደ ቅሬታ ያለው መኰንን ሁሉ ይሄድ ነበር።

ኅዳር 28 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ የዳባቱ ድብደባ በተፈጸመ ሰሞን፣ የእንግሊዙ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሰር ሳሙኤል ሆር ወደ ስዊዘርላንድ ለበረዶ መንሸራተቻ እረፍት ሲያልፉ ፓሪስ ላይ አረፍ ብለው ከላቫል ጋር አንድ ዕቅድ ፈረሙ። አድዋንና መቀሌን የያዘው ምሥራቃዊ ትግራይ፣ ከደንከል መሬት፣ ከኦጋዴንም ሰፊው ለኢጣልያ ይሰጣል፤ የደቡቡ ሰፊ ክፍል የኢጣልያ የኢኮኖሚና የሰፈራ ክልል ይሆናል፤ ለኢትዮጵያ በአሰብ በኩል ቀጭን የባሕር መውጫ ይሰጣታል። የሎንዶኑ ታይምስ ጋዜጣ መውጫውን የግመል መተላለፊያ ብሎ ተሳለቀበት። ባለርስቱ የሰማው ካለቀ በኋላ ነው።

በሳምንቱ፣ ታኅሣሥ 5፣ የደጃዝማች አያሌው ቀዳሚ ጦር በፊታውራሪ ሽፈራው መሪነት ተከዜን ተሻግሮ በደምበጉና ማለፊያ ላይ የኢጣልያውን ሻለቃ የክሪኒቲን ጦር ከበበ። ታንኮቹ በጠባቡ ገደል ውስጥ መዞር አቃታቸው፤ ከኋላ እየወጡ በእጅ የያዟቸው ሰዎች ከሰሜንና ከወልቃይት ግድም የመጡ ገበሬዎች ነበሩ። የሁለቱ ቀናት መቀራረብ ለሥነ ምግባር ጥያቄው ብዙ ይነግራል። ፓሪስ ላይ ኢትዮጵያን ከባሰ ጥፋት ለማዳን የሚያዋጣው ግማሹን መስጠት ነው ሲባል፣ መሬቱን የሚከላከለው ሰው ገና አልተሸነፈም፤ እንዲያውም እያጠቃ ነበር። ዕቅዱ ለተሸነፈ የታዘነ ምሕረት ሊባል አይችልም፤ ያልተሸነፈን ሰው ተሸንፈሃል ብሎ መፍረድ ነበር።

ምስጢሩ ለፓሪስ ጋዜጦች ወጣ፤ የእንግሊዝ ሕዝብ ተቆጣ፤ ሆር በዚያው ወር ከሥልጣን ወረዱ፤ ላቫልም ብዙ አልቆዩም። ከስድስት ወር በፊት በተደረገ የሕዝብ አስተያየት መስጫ ከአሥራ አንድ ሚሊዮን በላይ እንግሊዛውያን ድምፅ ሰጥተው፣ አብዛኞቹ ወራሪ በኢኮኖሚ ይቀጣ ብለው ነበር። ተራው ሰው ከሚኒስትሮቹ ይልቅ ለነገሩ ቀርቦ ነበር ማለት ነው። ዕቅዱ ቢሞትም ጉዳቱ አልሞተም፤ የነዳጅ ማዕቀቡ ንግግር በሰላም ተስፋ ስም እየተገፋ ቀረ። ሙሶሊኒ ደግሞ የተከዜውን ማጥቃት በሌላ መንገድ መለሰ። በታኅሣሥ አጋማሽ አውሮፕላኖች በወንዙ መሻገሪያዎች ላይ በሚገኘው በራስ እምሩ ጦር ላይ በርሜል ጣሉ፤ ከበርሜሉ የወጣው ፈሳሽ የነካው እጅ፣ እግርና ፊት እየተላጠ ወረደ፤ ውኃውን የጠጣው ወደቀ። ራስ እምሩ ኋላ እንደተናገሩት ለሰዎቻቸው ምን እንደሚሉ ጠፍቷቸው ነበር። የመርዝ ጋዝን የሚከለክለውን እ.ኤ.አ. የ1925ቱን የጄኔቫ ፕሮቶኮል ኢጣልያ ፈርማ አጽድቃው ነበር።

የሽሬ ጦር በየካቲት ተበተነ፤ ኢጣልያኖች እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 1 ቀን 1936 ጎንደር ገቡ። ከአምስት ሳምንት በኋላ አዲስ አበባ ተያዘች። ንጉሠ ነገሥቱ በሰኔ ጄኔቫ ላይ ቆመው፣ ጉዳዩ የትንንሽ መንግሥታት ሁሉ ጉዳይ እንደሆነ ሲያስረዱ የኢጣልያ ጋዜጠኞች በፉጨት ሊያቋርጧቸው ሞከሩ። በሚቀጥለው ወር ማዕቀቡ ተነሳ።

ባለደሙ እሺ ሳይል እርቅ ወርዷል መባሉን ከሁሉ ቀድመው የናቁት በሀገር ውስጥ የቀሩት ናቸው። በቤተ ክርስቲያን ዘንድ ጥያቄው በሌላ ቃል ተነሳ፤ ሥልጣን ሁሉ ከእግዚአብሔር ከሆነ ለያዘው ኃይል መገዛት ይገባል ወይ? አንዳንድ አባቶች መገዛትን መረጡ። አቡነ ጴጥሮስ ግን ለወራሪው እንዲገብሩ ሲጠየቁ አልገዛም ብለው፣ ሕዝቡም እንዳይገዛ ገዝተው፣ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በጥይት ተገደሉ። ይህ የወንጌሉን ትእዛዝ በትክክል መፈጸም ነው፤ የራሳቸውን ሰጡ፣ የመንጋውን አልሰጡም። መገዛት ያድናል ያሉትም ብዙ አልቆየም የተማሩት። በግንቦት 1929 ዓ.ም. ደብረ ሊባኖስ ላይ በመቶዎች የሚቆጠሩ መነኮሳትና ምእመናን ተረሸኑ፤ ገዳሙ በዚያን ጊዜ በኢጣልያ አገዛዝ ሥር በሰላም ይኖር ነበር።

ለማባበል የተሰጠው ጠንካራው የሞራል መከላከያ ከሆርም ከላቫልም የመጣ አይደለም። የመጣው ኋላ የእንግሊዝ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ከሆኑት ከሎርድ ሃሊፋክስ ነው። ሃሊፋክስ በእምነታቸው የታወቁ፣ ጸሎት የማያስታጉሉ ሰው ነበሩ። ግንቦት 1930 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ባሉበት፣ ጄኔቫ ላይ ተነስተው መንግሥታት የኢጣልያን ግዛት እንዲያውቁ ሲከራከሩ፣ ነገሩ የሁለት በጎ ዓላማዎች ግጭት ነው አሉ፤ በአንድ በኩል ለታላቅ ሐሳብ የሚታመን፣ የማይናወጥ ግን የማይሠራ ጽናት አለ፣ በሌላ በኩል ለሰላም የሚገኝ ተጨባጭ ድል አለ፤ ሁለቱ ሲጋጩ የሚበልጠው ሰላም ነው። ክርክሩ በቀላሉ የሚጣል አይደለም። ፈረንሳይ ብቻዋን በአንደኛው የዓለም ጦርነት ከ1.3 ሚሊዮን በላይ ወታደር ቀብራለች፤ ሌላ እልቂት የፈራ መሪ ፈሪ ተብሎ ብቻ ሊታለፍ አይገባም። ሰላም ለክርስቲያን ከታላላቅ በጎ ነገሮች አንዱ ነው።

ስህተቱ የሚታየው ዓላማዎቹ የማን እንደሆኑ ሲጠየቅ ነው። በሃሊፋክስ ሚዛን ጽናቱ የኢትዮጵያ ነው፣ ሰላሙ የእንግሊዝ ነው። አንድ ሰው በራሱ ሕይወት ውስጥ ሁለት በጎ ነገሮች ሲጋጩበት አንዱን ለሌላው ሊሠዋ ይችላል፤ ሠዊውም የተሠዋበትም እሱ ነውና። እዚህ ግን መሥዋዕቱን የሚቆጥረው አንዱ፣ የሚታረደው ሌላው ነበር። ደግሞም ተጨባጭ የተባለው ሰላም በቦታው አልነበረም። ሃሊፋክስ ሲናገሩ በጎጃም፣ በሸዋ፣ በበጌምድርም እነ አሞራው ውብነህ ያሉበት አርበኛ ሁሉ ከወራሪው ጋር እየተዋጋ ነበር፤ ጦርነቱ ያለቀው በወረቀት ላይ ነው። እንግሊዝ በኅዳር 1931 ዓ.ም. የኢጣልያን ግዛት በይፋ አወቀች። ሜክሲኮን የመሳሰሉ ጥቂት መንግሥታት እንቢ አሉ፤ አዲስ አበባ ላይ የሜክሲኮ አደባባይ ስም መነሻው ይህ ነው።

የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ፣ ጉልበተኛው ይቆማል ወይ የሚለው፣ ከዚህ በኋላ ፈጥኖ መጣ። ኢጣልያ እንድትቀርላቸው ሲሉ ኢትዮጵያን የሰጡት መንግሥታት ኢጣልያን ራሷን አጡ። በ1931 ዓ.ም. ግንቦት ሮምና በርሊን የጦር ቃል ኪዳን ፈረሙ፤ እ.ኤ.አ. ሰኔ 10 ቀን 1940 ኢጣልያ በፈረንሳይና በእንግሊዝ ላይ ጦርነት አወጀች። እንግሊዝም የኢጣልያ ነው ብላ በመዝገብ ያሰፈረችውን ምድር በደም ማስለቀቅ ግድ ሆነባት። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከገቡ በኋላ እንኳ የወልቀፊት ምሽግ አልወደቀም። ኢጣልያኖች አገሩን በያዙባቸው ዓመታት በሊማሊሞ ገደል ላይ የመኪና መንገድ ጠርበው፣ አፋፉን ወደ ምሽግ ለውጠውት ነበር። አርበኞች ከደባርቅ ወገን፣ የእንግሊዝ ጦርም ከእነርሱ ጋር ሆኖ ለወራት ከበቡት። ኮሎኔል ጎኔላ ሦስት ሺህ ያህል ሰው ይዞ እጁን የሰጠው በመስከረም 1934 ዓ.ም. ነው፤ ጎንደር የወደቀችው በኅዳር። መንገዱ እስከ ዛሬ መኪና ያወርዳል።

ካሳው የተቆረጠው በፓሪስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1947 በተፈረመው የሰላም ውል ኢጣልያ ለኢትዮጵያ 25 ሚሊዮን ዶላር እንድትከፍል ተወሰነ፤ ከዓመት በፊት በተደረገው የፓሪስ ጉባኤ ላይ አክሊሉ ሀብተ ወልድ የኢትዮጵያን ወገን መርተው ተቀምጠው ነበርና በዚህኛው ባለደሙ ቦታ አግኝቷል። ገንዘቡ በ1948 ዓ.ም. በተደረገ ስምምነት ወደ 16 ሚሊዮን ግድም ወረደ፤ የቆቃ ግድብም የተሠራው በእሱ ነው። የኢጣልያ ጦር አዛዦች ባዶሊዮና ግራዚያኒ በጦር ወንጀል ዓለም አቀፍ ችሎት እንዲቀርቡ ኢትዮጵያ ያቀረበችው ጥያቄ ግን ሳይፈጸም ቀረ። የኢጣልያ መንግሥት በተከዜና በሌሎች ግንባሮች የመርዝ ጋዝ መጠቀሙን በመከላከያ ሚኒስትሩ አፍ ለፓርላማው ያመነው ከካሳው ስምምነት አርባ ዓመት በኋላ፣ በ1988 ዓ.ም. ነው።